የተዘጋ ጂን ሲከፈት፦ ሮም ውስጥ በደም ካንሰር ላይ የተደረገው ምርምርና እኛ

(ከሮም፣ ጣሊያን)

ከአገራችን ርቀን በምንኖር ኢትዮጵያውያን መካከል አንድ ሰው ካንሰር ያዘው ሲባል መጀመሪያ የሚሰማው ሹክሹክታ ነው። «ድሮም በዘራቸው አለ» ይባላል። የታማሚው ልጆች ለጋብቻ በሚታሰቡበት ጊዜ ሳይቀር ነገሩ በጓዳ ይነሣል። ታማሚው ራሱም የበሽታውን ስም ደፍሮ አይጠራም፤ «ያ ክፉ በሽታ» ብሎ ያልፈዋል። ሐኪም ዘንድ የሚሄደውም ብዙውን ጊዜ ሌላው ሁሉ ተሞክሮ ካበቃ በኋላ ነው። ለብዙ ዓመታት በአንድ የአገራችን ዩኒቨርሲቲ ሥነ ሕይወት አስተምሬ ዛሬ በስደት ሮም የምኖር ሰው እንደመሆኔ፣ ይህን ወሬ በሰማሁ ቁጥር እንገበገባለሁ። ምክንያቱም «ካንሰር የዘር ጉዳይ ስለሆነ መላ የለውም» የሚለውን አስተሳሰብ በተግባር ከናዱት ከተሞች አንዷ እኛው የምንኖርባት፣ እኛው አረጋውያኗን የምንጦርባት ሮም ናት።

ስለሆነም በዛሬው ጽሑፌ ስለ ኤፒጄኔቲክስ፣ ማለትም የጂኖች ፊደል ሳይለወጥ ጂኖች እንዴት እንደሚዘጉና እንደሚከፈቱ፣ በተለይም የሮም ተመራማሪዎች በአንድ የደም ካንሰር ላይ ስለደረሱበት ውጤት በተቻለኝ መጠን በቀላል አማርኛ ለማስረዳት እሞክራለሁ። የኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው ብዬ ካልጠቀስኩ በስተቀር ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፊደሉ አንድ፣ ምልክቱ ልዩ ልዩ

የዓይናችን ሕዋስና የጉበታችን ሕዋስ የያዙት ዲ.ኤን.ኤ. አንድ ነው። መጽሐፉ አንድ ከሆነ ታዲያ አንዱ ዓይን፣ ሌላው ጉበት የሆነው ለምንድን ነው? መልሱ እያንዳንዱ ሕዋስ መጽሐፉን በሙሉ ስለማያነብ ነው። ለዓይን የሚያስፈልገው ምዕራፍ በጉበት ውስጥ ዝግ ነው፤ የጉበቱም እንዲሁ በዓይን ውስጥ ዝግ ነው።

የቤተ ክህነት ትምህርት የቀመሰ አንባቢ ድጓን ቢያስታውስ ነገሩ ይቀለዋል። በድጓ ላይ ከዋናው ፊደል በላይ በትንንሹ የተጻፉ የዜማ ምልክቶች አሉ፤ ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ጭረት እየተባሉ ይጠራሉ። ፊደሉ ያው ነው፤ የት እንደሚነሣ፣ የት እንደሚወድቅ ለመሪጌታው የሚነግረው ግን ምልክቱ ነው። ዲ.ኤን.ኤም እንዲሁ ነው። የተጻፈበት ፊደል አራት ሲሆን ኤ፣ ቲ፣ ጂ እና ሲ ይባላሉ። ሲ (ሙሉ ስሙ ሳይቶሲን ነው) ከጂ ቀድሞ በሚቆምበት ቦታ ላይ ሜቲል የሚባል፣ አንድ የካርቦንና ሦስት የሃይድሮጂን አቶሞች ብቻ ያሉት ትንሽ ነገር ይለጠፍበታል። ይህ መለጠፍ ሜቲሌሽን ይባላል። በሰው ዲ.ኤን.ኤ. ውስጥ ካሉት የዚህ ዓይነት ጥንዶች ከ70 እስከ 80 በመቶ የሚሆኑት ምልክቱ አለባቸው። ምልክት የሌለባቸው ጥንዶች ደግሞ በአብዛኛው በጂኖች መግቢያ በር ላይ እንደ ደሴት ተሰብስበው ይገኛሉ። በሩ ከሜቲል ነጻ ሲሆን ጂኑ ለመነበብ ዝግጁ ነው። በሩ ላይ ሜቲል ከተከመረበት ግን ጂኑ ይዘጋል። ልብ በሉ፤ አልጠፋም፣ አልተቀደደም፤ እንዳይነበብ ተደረገ እንጂ። የሳንሱር መሥሪያ ቤትን ያስታወሰ አንባቢ ቢኖር አልፈርድበትም።

ሕዋስ ለሁለት ሲከፈል ዲ.ኤን.ኤ. ይገለበጣል። ዲ.ኤን.ኤም.ቲ. 1 የሚባል ኢንዛይም ደግሞ የድሮውን እያየ ምልክቱን በአዲሱ ቅጂ ላይ ያኖረዋል፤ ልክ ጠንቃቃ ቁም ጸሐፊ ፊደሉን ብቻ ሳይሆን የዜማውን ምልክት ጭምር እንደሚገለብጠው ማለት ነው። የጉበት ሕዋስ ልጅ ጉበት ሆኖ የሚቀረው በዚህ ዓይነት መንገድ ነው። ይህን ሐሳብ በ1975 እንግሊዝ ውስጥ ሮቢን ሆሊዴይና ጆን ፒዩ፣ አሜሪካ ውስጥ ደግሞ አርተር ሪግስ ለየብቻቸው አቀረቡት። ኤፒጄኔቲክስ የሚለው ስም ግን ከዚያ በጣም ይቀድማል፤ በ1942 ያወጣው እንግሊዛዊው ኮንራድ ዋዲንግተን ነው።

በካንሰር ሕዋስ ውስጥ የምልክቱ አቀማመጥ ይዘበራረቃል። በ1983 አሜሪካ በሚገኘው ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ አንድሪው ፋይንበርግና በርት ቮገልስታይን የካንሰር ሕዋሳት ዲ.ኤን.ኤ. ከጎኑ ካለው ጤነኛ አካል ይልቅ ሜቲል ያነሰው ሆኖ አገኙት። ቀጥሎ ደግሞ የዚህ ተቃራኒ የሚመስል ነገር ታየ። በ1989 ሕፃናትን በሚይዝ የዓይን ካንሰር ውስጥ፣ ሕዋስን ከልክ በላይ እንዳይባዛ የሚገታው ጂን መግቢያው በሜቲል ተሸፍኖ ተገኘ። ሁለቱም እውነት ናቸው። በካንሰር ሕዋስ ውስጥ ዝግ መሆን የሚገባው ሰፊ ቦታ ይከፈታል፤ ክፍት መሆን የሚገባቸው የጠባቂ ጂኖች በሮች ደግሞ ይዘጋሉ።

ታዲያ ይህ ሁሉ ለታማሚው ምን ይጠቅመዋል? የተቀደደን ገጽ መልሶ መጻፍ ከባድ ነው። ምልክት ግን ሊፋቅ ይችላል። አዛሲቲዲን የሚባለው ንጥረ ነገር በ1964 ፕራግ ውስጥ ሲሠራ ስለ ሜቲሌሽን ያሰበ ሰው አልነበረም። በ1980 ፒተር ጆንስና ሸርሊ ቴይለር ይኸው ንጥረ ነገር በሕዋስ ውስጥ የሜቲልን መለጠፍ እንደሚያስቀር አሳዩ። በ2004 አሜሪካ ውስጥ፣ ወደ ደም ካንሰር ሊለወጥ ለሚችል የመቅኔ በሽታ መድኃኒት እንዲሆን ተፈቀደ። ከሥራው እስከ ፈቃዱ 40 ዓመት ማለት ነው።

ወደ ሹክሹክታው ልመለስና፣ ከካንሰሮች ሁሉ ከወላጅ በተወረሰ የጂን ጉድለት የሚነሡት ከ5 እስከ 10 በመቶ እንደሚሆኑ ነው የሚገመተው። የተቀረው በሰውየው ዕድሜ ውስጥ፣ በገዛ አካሉ ሕዋሳት ላይ የሚደርስ ነው፤ በእርጅና፣ በሲጋራ፣ በአንዳንድ ቫይረሶች፣ ብዙ ጊዜም በዕድል። ከዚህ በታች የማወራበት ሉኬሚያ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍ በሽታ አይደለም። ስለዚህ የታማሚውን ልጅ ማጨት የሚያስቀር ሳይንሳዊ ምክንያት የለም።

በነገራችን ላይ፣ ኑሮ በምልክቱ ላይ አሻራ መተው አለመተዉን ለሚጠይቅ ሰው አንድ ምሳሌ አለ። በ1944 እና 1945 ክረምት ሆላንድን በመታው ረሃብ ጊዜ ገና ሲፀነሱ የተጎዱ ሰዎች፣ ከ60 ዓመት በኋላ ሲመረመሩ ለዕድገት በሚያገለግል አንድ ጂን ላይ ያላቸው ሜቲል ረሃቡ ካላገኛቸው ወንድምና እህቶቻቸው ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ጥናቱ የታተመው በ2008 ነው። እኔ ይህን ሳነብ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የ1977ቱ ረሃብ ልጆች ናቸው ትዝ ያሉኝ። ነገር ግን ይህ የካንሰር ማስረጃ ስላልሆነ ከዚህ አላሳልፈውም።

የላ ሳፒየንዛዋ ጥያቄ

በ1303 በተመሠረተው በሮም ላ ሳፒየንዛ ዩኒቨርሲቲ ፓኦላ ካያፋ የምትባል የሞለኪውል ሥነ ሕይወት ፕሮፌሰር አንድ ቀላል የሚመስል ጥያቄ አነሣች። ሜቲል የሚለጥፈው ኢንዛይም በሕዋሱ ውስጥ እያለ፣ እነዚያ በጂኖች በር ላይ ያሉ ደሴቶች ሳይለጠፍባቸው የሚቀሩት ለምንድን ነው? ማን ይጠብቃቸዋል?

ካያፋና ባልደረባዋ ጁሴፔ ዛርዶ በ1998 መልሱን ከማይጠበቅ አቅጣጫ አመጡት። ፓርፕ የሚባል፣ ዲ.ኤን.ኤ. ሲጎዳ ለጥገና በሚደረገው ሥራ የሚታወቅ ኢንዛይም አለ። በአይጥ ሕዋሳት ውስጥ የፓርፕን ሥራ በኬሚካል ሲያግዱት ነጻ የነበሩት ደሴቶች ሜቲል ይለጠፍባቸው ጀመር። ዘበኛው ፓርፕ ነበር ማለት ነው። ግን እንዴት ነው የሚጠብቀው? ይህን ለመመለስ ሰባት ዓመት ፈጀ። በ2005 አና ሬአሌና ሌሎች የቡድኑ አባላት እንዳሳዩት፣ ፓርፕ በራሱ ላይ የሚሠራው ረጅም ሰንሰለት አሉታዊ ኤሌክትሪክ የበዛበት ስለሆነ የሜቲል ለጣፊውን ኢንዛይም ወደ ራሱ ስቦ ይይዘዋል። ኢንዛይሙ እዚያ ላይ ተይዞ ሳለ ዲ.ኤን.ኤውን መንካት አይችልም። በ2008 ደግሞ ፓርፕን ለዚህ ዘብ የሚያነቃው ሲ.ቲ.ሲ.ኤፍ. የሚባል ፕሮቲን መሆኑን አከሉበት።

ይህ ሥራ በጋዜጣ የሚጮህለት ዓይነት አይደለም፤ ከእሱ በቀጥታ የወጣ መድኃኒትም የለም። እኔ ግን ከሁሉ አስቀድሜ የማደንቀው ይህንኑ ነው። ከ2014 ጀምሮ ኦላፓሪብን የመሳሰሉ ፓርፕን የሚያግዱ መድኃኒቶች ለማሕፀን እንቁላል ዕጢ ካንሰር ይሰጣሉ። የሚሠሩት የዲ.ኤን.ኤ. ጥገናን በማደናቀፍ ነው። ዘበኛው ለረጅም ጊዜ ከበሩ ሲነሣ በምልክቱ ላይ ምን ይደርሳል የሚለውን ጥያቄ ለመጠየቅ የሚያስችለን ግን የእነ ካያፋ ዓይነት የብዙ ዓመት ትዕግሥት ነው። አንድን ጥያቄ ይዞ ሰባት ዓመት፣ አሥር ዓመት መቆየት የሚቻለው ደግሞ መምህሩ በወንበሩ ላይ ሲቆይ ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1985 ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በአንድ ጊዜ ከ40 በላይ መምህራን ሲባረሩ፣ ከመካከላቸው የሕክምና ፋኩልቲውን ካቋቋሙት አንዱ የሆኑት ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ነበሩ። እስር ቤት ቆይተው በ1999 በስደት አሜሪካ ውስጥ አረፉ። ያን ቀን የተቋረጠው የሰዎች ደመወዝ ብቻ አልነበረም፤ ማንም ያልቆጠረው ስንት የተጀመረ ጥያቄ አብሮ ተቋርጧል።

በቀናት የሚገድለው ሉኬሚያ

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ፕሮማይሎሳይቲክ ሉኬሚያ የሚባል የደም ካንሰር አለ። በ1957 ኖርዌጂያዊው ሐኪም ሌይፍ ሂሌስታድ ለይቶ ሲገልጸው፣ ታማሚዎቹ እየደሙ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እንደሚሞቱ ጽፎ ነበር። በመቅኔ ውስጥ ነጭ የደም ሕዋሳት ከመብሰላቸው በፊት እድገታቸው ይቆምና ይባዛሉ፤ የደምን መርጋት የሚያዛቡ ነገሮችም ይለቃሉ። ታማሚው ብዙ ጊዜ የሚሞተው አንጎሉ ውስጥ ወይም ሳንባው ውስጥ በሚፈስ ደም ነው። ወጣቶችንም አይምርም።

በ1977 ጃኔት ራውሊ ቺካጎ ውስጥ ምክንያቱን ጠቆመች፦ በታማሚው ሕዋሳት ውስጥ 15ኛውና 17ኛው ክሮሞዞም ቁራጭ ተለዋውጠዋል። በ1990 እና 1991 ገደማ ከዚህ ልውውጥ ሁለት ጂኖች ተጋጥመው አንድ እንግዳ ፕሮቲን እንደሚፈጠር ታወቀ። ከሁለቱ አንዱ ቁራጭ የሬቲኖይክ አሲድ ተቀባይ ነው። ሬቲኖይክ አሲድ ሰውነታችን ከቫይታሚን ኤ የሚሠራው ሲሆን፣ ለወጣቱ የደም ሕዋስ «በቃ አሁን ብሰል» የሚል መልእክት ያደርሳል። እንግዳው ፕሮቲን ይህ መልእክት እንዳይሰማ ያደርጋል።

እንዴት አድርጎ? እዚህ ላይ ነው ሜቲሌሽን የሚመጣው። በ2002 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት የወጣው ጥናት የተመራው ሚላን በሚገኘው የአውሮፓ የካንሰር ተቋም በሉቻኖ ዲ ክሮቼና በፒየር ጁሴፔ ፔሊቺ ነበር፤ ከሮም ክላራ ኔርቪ፣ ፍራንቼስኮ ፋትሲና ፍራንቼስኮ ሎ ኮኮ፣ ከካምብሪጅ ደግሞ ቶኒ ኩዛሪዲስ ተሳትፈውበታል። ያገኙት ይህ ነው፦ እንግዳው ፕሮቲን ሜቲል ለጣፊዎቹን ኢንዛይሞች ጠርቶ ወደ አንድ ጂን በር ያመጣቸዋል፤ በሩም ይታሸጋል። ሬቲኖይክ አሲድ በብዛት ሲሰጥ ሜቲሉ ይቀንሳል፣ ጂኑ እንደገና ይነበባል፣ ሕዋሱም ካንሰራዊ ጠባዩን ይተዋል። አንድ የካንሰር ፕሮቲን በቀጥታ ሜቲሌሽንን እየመራ ጂን ሲዘጋ ያሳየ ሥራ በመሆኑ በሙያው ዘንድ ትልቅ ግምት ተሰጠው። ኔርቪና ፋትሲ በ2007 ደግሞ በሌላ ዓይነት የደም ካንሰር ውስጥ ተመሳሳይ አሠራር ማይክሮ አር.ኤን.ኤ. የሚባል ትንሽ የሕዋስ ተቆጣጣሪን እንደሚዘጋ አሳይተዋል።

ሳይንስ ግን በአንድ ወረቀት አይዘጋም። በ2013 ጀርመን ውስጥ የተሠራ ሰፋ ያለ ጥናት በዚህ ሉኬሚያ ላይ የሚታየው የሜቲሌሽን ለውጥ አብዛኛው ዘግይቶ የሚመጣ እንጂ የበሽታው የመጀመሪያ እርምጃ አይደለም አለ። በእኔ ግምት ሁለቱ የግድ አይጣሉም። መጀመሪያ በሩን የሚገፋው እንግዳው ፕሮቲን ነው፤ ሜቲሉ በኋላ መጥቶ እንደ ማኅተም ያጸናዋል። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ወይም እንዲያ ቢሆንም መሠረቱ ላይ ጠብ የለም፦ ሕዋሱ የተዘጋበት ነገር ሲከፈትለት ይበስላል፣ የበሰለ ሕዋስም ዕድሜው ሲደርስ በራሱ ይሞታል። ካንሰርን ገድሎ ሳይሆን አስተምሮ ማዳን ማለት ይህ ነው።

የገና አበባና አርሰኒክ

ይህን በሰው ላይ መጀመሪያ ያሳዩት ቻይናውያን ናቸው። የሻንጋዩ ሐኪም ዋንግ ዠንዪ በ1985 ለአንዲት የ5 ዓመት ልጅ ሬቲኖይክ አሲድ ሰጠ፤ ልጅቷም ዳነች። በ1988 ባሳተሙት ዘገባ 24ቱም ታማሚዎች በሽታው ሸሽቶላቸዋል፤ 23ቱ በዚሁ መድኃኒት ብቻ። ሐርቢን በምትባለው ከተማ ደግሞ ዣንግ ቲንግዶንግ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ከባሕላዊ ሕክምና የተወሰደ አርሰኒክ ይሞክር ነበር፤ አዎን፣ በአይጥ መርዝነት የሚታወቀውን አርሰኒክ።

በሮም በኩል የነገሩ አባት ፕሮፌሰር ፍራንኮ ማንዴሊ ነበሩ። የላ ሳፒየንዛን የደም ሕክምና ማዕከል ያሳደጉ፣ የጣሊያን የደም ሐኪሞችን በአንድ የጥናት ማኅበር ያሰባሰቡ ሰው ናቸው። ሬቲኖይክ አሲድን ኢዳሩቢሲን ከተባለ የኬሞቴራፒ መድኃኒት ጋር አጣምረው በመላ ጣሊያን ሰጡ። (የኢዳሩቢሲን ታላቅ ወንድም ዳውኖሩቢሲን የተገኘው በደቡብ ጣሊያን፣ ካስቴል ዴል ሞንቴ አጠገብ ካለ አፈር ውስጥ ከነበረ ባክቴሪያ ነው። መድኃኒት ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም።) በ1997 ባወጡት ውጤት ከ240 ታማሚዎች 229ኙ፣ ማለትም 95 በመቶ፣ በሽታው ሸሽቶላቸዋል። ቀድሞ በሳምንታት የሚገድል በሽታ መሆኑን አስታውሱ።

ኬሞቴራፒ ግን የራሱ ዋጋ አለው፤ ፀጉር ይረግፋል፣ ልብ ይጎዳል፣ መቅኔ ይደርቃል፣ ታማሚው በኢንፌክሽን ሊሞት ይችላል። ከዚህ በፊት የጠቀስኩት ፍራንቼስኮ ሎ ኮኮ፣ የማንዴሊ ተማሪና በኋላ በሮም ቶር ቬርጋታ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር፣ ያነሣው ጥያቄ «ኬሞቴራፒውን ጨርሶ ብንተወውስ?» የሚል ነበር። ሬቲኖይክ አሲድ የእንግዳውን ፕሮቲን አንዱን ወገን ይይዛል፤ አርሰኒክ ሌላውን ወገን ይዞ እንዲፈራርስ ያደርገዋል። ሁለቱ ከተባበሩ ሦስተኛ ለምን ያስፈልጋል?

ጣሊያኖችና ጀርመኖች አንድ ላይ ሆነው 162 ታማሚዎችን በዕጣ ለሁለት ከፈሉ። የነጭ ደም ሕዋስ ብዛታቸው በጣም ከፍ ያለ፣ አደጋቸው የከፋ ታማሚዎች አልተካተቱም። ውጤቱ በሐምሌ 2013 በኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት ወጣ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሬቲኖይክ አሲድና አርሰኒክ ብቻ ከተሰጣቸው መካከል 99 በመቶው፣ ኬሞቴራፒ ከወሰዱት 91 በመቶው በሕይወት ነበሩ። በሽታው ሳይመለስባቸው ወይም ሌላ ችግር ሳይገጥማቸው የቆዩት 97 ከ86 ነበር። በአዋቂ የደም ካንሰር ታሪክ ያለ ኬሞቴራፒ እንዲህ ዓይነት ቁጥር ታይቶ አይታወቅም ነበር። አውሮፓ በ2016፣ አሜሪካ በ2018 ይህን ሕክምና የመጀመሪያ ምርጫ ሆኖ እንዲሰጥ ፈቀዱ። ማንዴሊ በሐምሌ 2018፣ ሎ ኮኮ ገና በ63 ዓመቱ በመጋቢት 2019 አረፉ።

ጥናቱን በገንዘብ ከረዱት ቀዳሚው ማን እንደሆነ ስታውቁ ትገረሙ ይሆናል። በ1969 ሮም ውስጥ የተቋቋመው የጣሊያን የሉኬሚያ ተከላካይ ማኅበር ነው። ጣሊያን የኖረ ሁሉ ያውቃቸዋል። በየዓመቱ በታኅሣሥ መጀመሪያ በየአደባባዩ ጠረጴዛ ዘርግተው «የገና ኮከብ» የተባለውን ቀይ አበባ በማሰሮ የሚሸጡት በጎ ፈቃደኞች የዚህ ማኅበር ናቸው። አርሰኒክ ያረጀ ነገር ነው፤ ሬቲኖይክ አሲድም አዲስ አይደለም። ትልቅ ትርፍ የሚሸተው ኩባንያ ለእነዚህ አይሯሯጥም። የሮጡላቸው ጡረተኞችና የታማሚ ቤተሰቦች ናቸው፤ በአበባ።

ለእኛስ?

እዚህ ድረስ ያነበበ ወገን «ይህ ሁሉ ሀብታም አገር ውስጥ የሚሆን ነው» ሊል ይችላል። በበኩሌ አልስማማም፤ ምክንያቴም ወሬ አይደለም። ብራዚል፣ ሜክሲኮ፣ ቺሊና ኡራጓይ ከአውሮፓና ከአሜሪካ ሐኪሞች ጋር ሆነው፣ ሎ ኮኮም ከመካከላቸው ነበር፣ ለዚሁ ሉኬሚያ የጋራ መረብ ዘረጉ። በ2013 ስለ 180 ታማሚዎች ያወጡት ዘገባ እንደሚያሳየው በሕክምናው መጀመሪያ የሚሞቱት ወደ 15 በመቶ ወረዱ፤ ከዚያ በፊት ከነበረው በግማሽ ያህል ቀነሰ ማለት ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ 80 በመቶው በሕይወት ነበሩ።

ያደረጉትስ ምንድን ነው? አዲስ ሕንፃ አላስመረቁም፣ ሪባን አልቆረጡም። በየአገሩ ጥቂት ላቦራቶሪዎችን መርጠው፣ በሽታውን በሰዓታት ውስጥ የሚለይ ምርመራ አስተማሩ። ሐኪሞቹ በኢንተርኔት በየጊዜው እየተገናኙ ስለ ታማሚዎቻቸው ተመካከሩ። ሐኪም ይህን ሉኬሚያ ከጠረጠረ የላቦራቶሪ ማረጋገጫ ሳይጠብቅ ሬቲኖይክ አሲድ በዚያው ቀን እንዲጀምር፣ ደም የሚያረጋው ፕላትሌትም ተዘጋጅቶ እንዲጠብቅ ተስማሙ። ሕይወት ያተረፈው በአብዛኛው ይህ የሰዓታት ጉዳይ ነው። ያኔ የተጠቀሙበትም ከሬቲኖይክ አሲድ ጋር ርካሹን ዳውኖሩቢሲን ነበር፤ አርሰኒክ እንኳ አላስፈለጋቸውም።

አገራችን ለብዙ ዘመን የጨረር ሕክምና የነበራት በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነው። የአዲስ አበባ የካንሰር መዝገብ የተጀመረውም እዚያው በ2011 ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ሬቲኖይክ አሲድን በ2015፣ አርሰኒክን በ2019 በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ አስገብቷል። ይህ ማለት አንድ መንግሥት «የቅንጦት ነው» ብሎ ሊያመካኝባቸው የማይገቡ ሆነዋል ማለት ነው። ወንበር ላይ ማንም ይቀመጥ ማን፣ ይህን ጥያቄ ልናቀርብለት መብታችን ነው። እኛስ? ከዋሽንግተን እስከ ስቶክሆልም የደም ሐኪም፣ የላቦራቶሪ ባለሙያ፣ ነርስ፣ ፋርማሲስት ሞልቶናል። በየአዳራሹ ለየድርጅቱ የምናዋጣውን ገንዘብ አውቀዋለሁ፤ እኔም አዋጥቻለሁ። ከዚያ ከፊሉን ቀንሰን፣ ለአንድ በሽታ ብቻ፣ በአንድ ላቦራቶሪ ብቻ፣ ከአገር ቤት ሐኪሞች ጋር የምክክር መረብ መዘርጋት አያቅተንም። በዚህ ሉኬሚያ መጀመር ያለብን ለምንድን ነው ቢባል፣ በቶሎ ከተደረሰበት ታክሞ ከሚድኑት ካንሰሮች ግንባር ቀደሙ ስለሆነ ነው። አንድ የዳነ ወጣት በየሰፈሩ ከመቶ ስብከት በላይ ሹክሹክታውን ያስቆማል።

ከማብቃቴ በፊት ሁለት ነገር ላስጠንቅቅ። «የጂን ምልክት ያስተካክላል» እየተባለ በጠርሙስ የሚሸጥ እንክብልና ዱቄት በዝቷል። ከላይ ያልኩትን ይዞ ቫይታሚን ኤ ከመደብር ገዝቶ የሚውጥ ሰው ጉበቱን ይጎዳል እንጂ ሉኬሚያ አይከላከልም። ሕክምናው ላይ የሚውለው ሬቲኖይክ አሲድ ለነፍሰ ጡር ሴት ፅንስ እጅግ አደገኛ ነው። በታማሚውም ላይ ትኩሳትና የትንፋሽ ማጠር የሚያመጣ፣ ካልታከመ የሚገድል ችግር ሊያስከትል ስለሚችል ከሆስፒታል ውጭ የሚጀመር አይደለም። የአርሰኒኩን ነገር ጨርሶ አላነሣውም።

ሁለተኛው ሮም ላሉት ወገኖቼ ነው። ያለ ምክንያት ድድ ወይም አፍንጫ ደጋግሞ መድማት፣ ሳይመቱ ሰውነት ላይ የሚወጣ ሰማያዊ ብልዝ፣ ከወትሮው እጅግ የበዛ የወር አበባ፣ ከዚህ ጋር ድካምና ትኩሳት ከታየ «ነገ ይሻለኛል» አይባልም፤ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል መሄድ ነው። ብዙዎቻችን ወረቀት ስለሌለን እንፈራለን፤ አሠሪዋ ቤት አልጋ ላይ ሆና የምትሸሽግ እህት ሞልታለች። የጣሊያን ሕግ ግን የመኖሪያ ፈቃድ ለሌለው የውጭ ዜጋም አስቸኳይና አስፈላጊ ሕክምና ይፈቅዳል፤ ይህ በ1998ቱ የስደተኞች ሕግ 35ኛ አንቀጽ ላይ ተጽፏል። ሆስፒታሉ ወይም የአካባቢው የጤና ጽሕፈት ቤት ኤስ.ቲ.ፒ. የሚባል የስድስት ወር ኮድ ይሰጣል፤ ሲያልቅ ይታደሳል። በዚሁ አንቀጽ መሠረት፣ እንደማንኛውም ዜጋ ማመልከት ግዴታ ከሚሆንባቸው ጉዳዮች በስተቀር፣ ለሕክምና የሄደን ሰው ለፖሊስ ማመልከት ክልክል ነው። ጥገኝነት የጠየቀና ያገኘ ደግሞ እንደ ጣሊያናዊው በብሔራዊ የጤና አገልግሎት ይመዘገባል። ጣሊያንኛ የማይችል ሰው አብሮት የሚሄድ ይፈልግ፤ ካጣም ብቻውን ይሂድ፤ ክንዱ ላይ ያለውን ብልዝ ቢያሳያቸው ይገባቸዋል።